የማሾ ፌስታል

ሚያዝያ 12

ልጄ ነጅዋ በጠዋቱ መኪና ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ተመለሰች። ሰኞ አይደል፣ ልብስ አጠብኩ። ምሳ ሠራሁ... ለሁለት ሰው ሠርቻለሁ ለካ። ማን ሊበላው?

መስኮቱ ላይ ሁለት ፌስታል ሰቅላ ሄዳለች። ውስጣቸው ማሾ አለ። ፌስታሎቹም ራሳቸው ከማሾ የተሠሩ ናቸው! ፕሮቲን የሚሉትን ከማሾው አውጥታ ነው። ሲጣል አፈር ይሆናል አለች። ማሾ በማሾ ተጠቅልሎ... ስንቱን አየሁ። አንደኛው ማሾ ብቻ ነው። ቀይ ክር የታሰረበት ግን የማሽላ አገዳ ገብቶበታል። አገዳው ውስጥ በዓይን የማይታይ ክር አለ አለችኝ።

«በዓይን የማይታይ ክር እንዴት ይፈተላል?»

«አይፈተልም እማ። አገዳው ይፈጫል፣ ይታጠባል፣ ደግሞ ይፈጫል። ፌስታሉን ውስጥ ለውስጥ የሚይዘው እሱ ነው።»

ቀዩ የከሚሴን ሙቀት ከቻለ ትምህርቷን ጨረሰች ማለት ነው። የኔ ሥራ ማየት ብቻ። በየቀኑ እደውላለሁ ብላለች።

ሚያዝያ 14

ደወለች! «ተሰነጠቀ?» አልተሰነጠቀም። ከኋላዋ ማሽን ይጮሃል። ቆማ ነው የምታወራው፣ ሁሌም። ስለ ጎረቤታችን ስለ ሰዒዳ ልጅ ሠርግ ልነግራት ስል «እሺ እማ፣ ቻው»... ይሁን። ደውላለች እኮ።

ሚያዝያ 17

ሰዒዳ በአጥር በኩል፣ «አካም ቡልቴ? ፌስታልሽስ አካም ቡሌ?» ትለኛለች። ሳቋን አትጠይቁኝ። «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርሻት ፌስታል ልታስጠብቅሽ ነው?»

እኔም ሳቅኩ። ግን አባቷ አብደላ ከሞተ ወዲህ ልጄ ከዚህ ቤት እንዴት አደረ ብላ የጠየቀችው ፌስታሉን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 22

ማሾ ብቻ የሆነው ተሰነጠቀ። ጠዋት ማሾው መሬት ላይ ተበትኖ አገኘሁት። ስትደውል እየፈራሁ ነገርኳት።

«ከጠርዙ ነው ከመሃሉ?»

«ከጠርዙ።»

«ጠብቄው ነበር፣ አብሽሪ። ቀዩስ?»

ቀዩ ደህና ነው። ለስንጥቅ እንኳ ከየት በኩል ነው ይባላል...

ግንቦት 1

ሙቀቱ ወላሂ ግድግዳውን ያስጮኸዋል። ቀዩ ንቅንቅ አላለም። ዛሬን ካደረ በቃ፣ ሥራው አለቀ አለች። ከዚያስ? ምን ብላ ትደውላለች?

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ጠርዙን በጣት ትንሽ እጥፍ ቢያደርጉት... ማን ያያል? አላህ ያያል። ልጄ የለፋችበትን! አስታግፊሩላህ። ትቼው ወደ ሰዒዳ ቤት ሄድኩ።

ግንቦት 2

«አልተሰነጠቀም» አልኳት። ጮኸች! ከኋላዋም ሌሎች ጮሁ። አልሐምዱሊላህ። «እማ፣ ተገላገልሽ። ከእንግዲህ አልጨቀጭቅሽም» አለች።

ተገላገልሽ...

ግንቦት 6

አልደወለችም።

ግንቦት 9

ዛሬም። ሥራ በዝቶባት ነው። ፌስታሉን አላወረድኩትም። ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ለማን ልነግር?

ግንቦት 11

ዛሬ እኔ ደወልኩ። ከሥራ አስተጓጉላታለሁ እያልኩ ደውዬላት አላውቅም። ማሽኑ ይጮሃል።

«እማ! ምነው? ተሰነጠቀ እንዴ?» ደነገጠች።

«ፌስታሉ ደህና ነው» አልኩ። ቀጥሎ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «እኔ ነኝ የተሰነጠቅኩት።»

ምነው ባልተናገርኩ...

«ከጠርዙ ነው ከመሃሉ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «ከመሃሉ።»

ማሽኑ ቆመ። ወንበር ስትስብ ሰማሁ።