እሷን ጠይቁ

ውድ ጉታ፣

ይህን ደብዳቤ ካንተ በፊት ሌላ ሰው እንደሚከፍተው አውቃለሁ። ይክፈተው።

ወታደሮቹ ቡራዩ ያለውን ቤቴን ሲፈትሹ እኔ ሱሉልታ ነበርኩ፤ የኦቦ ጃራ የወተት ማቀዝቀዣ ላይ የምሠራለት ቦርድ የት እንደሚገጠም እየለካሁ። ስመለስ በሩ ተገንጥሏል፤ ለቦርድ ሥራ የማስቀምጠው መዳብ የሚበላ ፈሳሽ ወለሉ ላይ ተደፍቷል። አከራዬ እትዬ እልፍነሽ በአጥሩ በኩል አንሾካሾኩልኝ።

«ጉታ የመኪና ክሪኩን ሊወስድ እንደመጣ ደረሱበት። ‹ይሄ ሁሉ የማነው?› ቢሉት ‹የኔ ነው› አላቸው፤ አስረው ወደ ካምፓቸው ወሰዱት። አንቺ ልጅ፣ ቦንብ ነው እኮ የሚሉት!»

«የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው፣ እትዬ። ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋበት ለባለቤቱ ስልክ የሚደውል።»

«ስልክ የሚደውል?» አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ይሄንንማ ለማንም እንዳትነግሪ!»

ያኔ ነው ፍርሃቱ የገባኝ። ሲም ካርድ የሚጎርስ ቦርድ፣ የሚያቃጥል ፈሳሽ፣ ያውም አገሩ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በሚታመስበት ሰሞን።

«ቦርዱን ወደ ፀሐይ ይዘው ሲያዩት ውስጡ ሌላ መስመር አለ አሉ። ‹መሃሉ ምን ደብቀሃል?› ሲሉት መልስ አጣ» አሉኝ እትዬ እልፍነሽ።

ከየት ታመጣዋለህ? አንተ መካኒክ ነህ። አራቱን የመዳብ ንብርብር የምስለው እኔ፣ ቀዳዳቸውን በሁለት መርፌ የማገጣጥመው እኔ፣ በመሃላቸው ሙጫ የጠጣ ጨርቅ የማነጥፈው እኔ። አንተ በጋሉት ብረቶች መሃል በክሪክ ትጨምቅልኛለህ። አንዴ ከተጣበቀ ግን ካልሰበሩት በቀር አይከፈትም።

ታስታውሳለህ፣ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ አንተን «ኢንጂነር» ይልና እኔን «ሻይ አፍዪልን» ይለኝ ነበር። ዲግሪው ግድግዳው ላይ በስሜ ተሰቅሎ! አንተ ደግሞ «እኔ ክሪክ ነው የማጠብቀው፤ እሷን ጠይቁ» ትላለህ። ኦቦ ጃራ እንኳ «ኢሼ? እሷን? ይቺን?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሥራዬ በሚያስከብርበት ጊዜ ሰው ሁሉ ላንተ ሲሰጥህ አልወሰድክም። በሚያስገድልበት ቀን ወሰድከው። ተናድጄብሃለሁ፣ ጉታ። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ንዴቴ ከፍርሃቴ ጋር አብሮ ይነሳል።

ሱሉልታ ለልኬት የያዝኩት፣ ገና ያልተጣበቀ ቦርድ ቦርሳዬ ውስጥ ተርፏል። ነገ ምሳህን ይዤ ስመጣ ንብርብሩን አንድ በአንድ የአዛዡ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋዋለሁ። መሃሉን ማየት ከፈለጉ፣ መሃሉ ይኸው። እትዬ እልፍነሽ «በእግርሽ ሄደሽ ልትታሰሪ ነው?» ብለው እያለቀሱ ነው። ሊሆን ይችላል። ብቻ እኔ የሠራሁትን አንተ አትታሰርበትም።

ይህ ወረቀት ከደረሰህ ካምፑ በር ላይ ነኝ ማለት ነው። ደግመው «የማነው?» ካሉህ፣ እባክህ፣ እንደ ድሮህ መልስላቸው።

የቦርዱ ባለቤት፣
ዕድላዊት