ሳልተረጉምልሽ የቀረው ቃል

ለሐርሜ፣ ለእናቴ፤

ከተለየሽኝ ሰባት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶታል። እንደምን ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ የምፈራው ጥያቄ እሱ ነው። ደግሞም የምጽፍልሽ በማታውቂው በአማርኛ ነው። መጻፍ የተማርኩት በእሱ ብቻ ነውና ይቅር በይኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ወንድሜ ፈይሳ የሣሩን ክዳን አፍርሶ ቆርቆሮ አልብሶታል፤ ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም። እየማለድሽ ዋቃን፣ አምላክሽን፣ ትለምኚበት የነበረው የወንዙ ዳር እንዳለ ነው። እኔ ነቀምቴ አስተማሪ ሆኛለሁ፤ የጃንሆይ ልደት ሲከበር ተማሪዎቼን አሰልፋለሁ፣ እሑድ እሑድ እሰብካለሁ። ስብከቴን ይወዱታል። እኔን የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

ያ ክረምት ትዝ ይልሻል? ከሚስዮን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ስመጣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሽ። ለሽማግሌ የሚወጣውን በርጩማ አወጣሽልኝ። የዮሐንስን ወንጌል ሦስተኛ ምዕራፍ በአማርኛ በቃሌ ተወጣሁት። አንዲት ቃል አልገባሽም፤ ግን ዋቃን ስትለምኚ እንደምታደርጊው እርጥብ ሣር ጨብጠሽ፣ እስክጨርስ ቆመሽ አዳመጥሽኝ። ከዚያ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ይላል አልሽኝ።

እኔም ሳይገባኝ ነበር የሸመደድኩት። በሰው ፊት አላውቅም ማለት አፈርኩና፣ ረጅም ነው፣ ለከርሞ እነግርሻለሁ አልኩሽ። ልጄ ደክሞታል ብለሽ እርጎ ሰጠሽኝ። በጥር ወር መርዶሽን አረዱኝ። ስደርስ ተቀብረሻል።

ባለፈው እሑድ ከስብከቴ በኋላ አዴ ጫልቱ የምትባል ባልቴት ተነሣች። ወንጌል ሳይደርሰው የሞተው ባሌ የት ነው ያለው ብላ ጠየቀች። የጉባኤው ሽማግሌ፣ ያለ ክርስቶስ መዳን የለም ብለው ቁርጧን ነገሯት። አንዱ ወንድም ደግሞ፣ ሕግ የሌላቸው በልባቸው በተጻፈው ይዳኛሉ ብሎ ጳውሎስን ጠቀሰ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የማየው ሣር የጨበጠውን እጅሽን ብቻ ነበር። አላውቅም ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያ ክረምት ያቃተኝን ቃል ያን ቀን ተናገርኩት፤ ምን ያደርጋል።

የፈጠረሽ እሱ ከሆነ፣ በየትኛው ስም ብትጠሪው ድምፅሽ ይጠፋዋል? እንዲህ እያልኩ ልጽናና ስል ያቺ የክረምት ቀን ትመጣብኛለች። ለአዴ ጫልቱ ባል ወንጌል ያደረሰለት ሰው አልነበረም። ለአንቺ ግን ቃሉ ደጅሽ ድረስ መጥቶ ነበር። ያመጣሁት እኔ፣ የከለከልኩሽም እኔ። ሰዎች ያልሰማ ምን ይሆናል ይሉኛል፤ እንቅልፍ የነሳኝ ያላሰማው ነው።

ሐርሜ፣ ለሞተ ሰው አይጸለይም ብዬ አስተምራለሁ። የማስተምርበት ክፍል ባዶ ሲሆን ግን ስምሽን ጠርቼ እጸልያለሁ። ሰምተው ከመድረኩ ቢያወርዱኝም አልተውም፤ በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም። በፍርዱም ቀን፣ ይህች ሴት ለምን አልሰማችም ተብሎ ሲጠየቅ፣ አደራ፣ አንቺ እንዳትመልሺ። እኔ እመልሳለሁ።

ልጅሽ ገመቹ