ለማንም እንዳታካፍይ

ግንቦት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእናቴም ለአባቴም ለሆንሽው ታላቅ እህቴ፤
መተማ ዮሐንስ

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? በዚያ ሙቀት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ምን እንደሆነ ስለማውቅ፣ እዚህ ደጋ ላይ ሆኜ ጾምኩ ማለት ያሳፍረኛል። ልጆቹ ደኅና ናቸው? የጎረቤታችን የእትዬ ረቢዓ ጉልበትስ ተሻለው? ምላሷ ደኅና እንደሆነ አልጠራጠርም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል ታምሜ አልተኛሁም ማለቴ ነው።

ለምን እንደማልደውል ሳይገርምሽ አይቀርም። አንቺ ሱቅ ውስጥ ስልክ ስታነሺ ግማሽ መተማ ይሰማል፤ ግማሹ ደግሞ ከእትዬ ረቢዓ ይሰማል። ይህን ብቻሽን ሆነሽ እንድታነቢው ፈለግሁ።

ከሩጫ ታግጃለሁ። ለሁለት ዓመት።

በየካቲት፣ በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር አምስት ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወጥቼ የደወልኩልሽ ቀን ትዝ ይልሻል? እልልታሽ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ነበር። ከመደወሌ ጥቂት ቀደም ብሎ አንዲት ሴት ሽንት ቤት ድረስ ተከትላኝ ገብታ፣ ቆማ እያየችኝ ሽንቴን ተቀብላኝ ነበር። ይህን አልነገርኩሽም። አሳፈረኝ እንጂ አላስፈራኝም፤ ምን ያስፈራኛል? በመጋቢት ግን ወረቀት መጣ። ሽንቴ ውስጥ ዴክሳሜታዞን የሚባል፣ ለሯጭ በውድድር ጊዜ የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቷል ይላል። ስሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ እየተሳሳትኩ። አሠልጣኛችን ቢያድግልኝ፣ ምን ወስደሽ ነው? አለኝ። ምንም አልኩት። እና ከሰማይ ወረደብሽ? ብሎ ጮኸብኝ፤ ከዚያ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱም እንደኔው ግራ ገብቶት ነበር።

ጉዳዩን የሚያዩት ሰዎች የበላሁትን፣ የጠጣሁትን፣ የተወጋሁትን ሁሉ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። በጥር እረፍት እናንተ ጋ ስመጣ ወባ ይዞኝ የዋጥኩትን ኪኒን፣ ቁርጭምጭሚቴን የታሸሁበትን ቅባት፣ ወንጌል የሰጠችኝን የሳል ሽሮፕ። ወንጌል ያቺ የምነግርሽ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ እሷ የምትሮጠው ካፌ እንዳይዘጋባት ብቻ ነው። ሽሮፑ ነው ብዬ ደመደምኩና ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ምስኪን፣ እያለቀሰች ጠርሙሱን ይዛ ክሊኒክ ሄደች፤ ሽሮፑ ንጹሕ ነው። የወባ ኪኒኑም ቅባቱም ንጹሕ ናቸው። ሁሉም ንጹሕ ከሆነ ቆሻሻው እኔ ነኝ ማለት ነው? እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍኩም ነበር። የቤት ምግብ ማን ይጽፋል?

በጥር ስትሸኚኝ በዱቄት ወተት ጣሳ የሰጠሽኝ፣ በተምር የተወቀጠው ሰሊጥ። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ፣ ለማንም እንዳታካፍይ አልሽኝ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ደጃፍሽን የረገጠውን ሁሉ፣ የጭነት ሹፌሩን ከነረዳቱ፣ ሳታጎርሺ የማትለቂ ሴት አታካፍይ ስትል የሰማሁት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እኔም እንዳሳደግሽኝ ሆንኩና ከወንጌል ጋር በላሁት። በሦስት ሳምንት የሁለታችንም ጉንጭ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ፤ ረሃባችንም አይጣል ነበር። ቢያድግልኝ ምን እየበላሽ ነው ሲለኝ፣ የእህቴን ሰሊጥ ብዬ በኩራት መለስኩለት።

ጉዳዬን በሚያዩት ሰዎች ፊት ልቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ጣሳውን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት። ጥጉ ላይ የደረቀውን በጥፍሬ ፋቅሁ። ስኳር ይመስለኝ የነበረው ነጭ ነጭ ነገር ምላሴ ላይ መረረ። ከዚያ ሱቅሽ ትዝ አለኝ። ከሽቶውና ከሳሙናው ኋላ የምታስቀምጪው፣ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የምታመጪው፣ ሊዳሩ የደረሱ ልጆች የቶብ ልብሳቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው በሹክሹክታ የሚጠይቁሽ ያ የሚያወፍረው ኪኒን።

አልጠይቅሽም። አንቺም አትመልሺልኝ።

በጥር ከመኪና ስወርድ እንዴት እንዳየሽኝ ግን አልረሳውም። ስታቅፊኝ እጅሽ የጀርባዬን አጥንት ሲቆጥር ይታወቀኝ ነበር። እትዬ ረቢዓ ደግሞ ልጅቱ እንደ እናቷ መንምና የለ እንዴ ብላ ነገሩን ጨረሰችው። እናታችን ከስታ ከስታ ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የማስታውሰው ነገር የለም። አንቺ ግን እያነሳሽ ታጥቢያት ነበር። በኛ ሰፈር የከሳ ሰው ምን እንደሚባልም ያኔ የሰማሽው አንቺ ነሽ። ሯጭ ቀጭን ነው፣ ጤነኛ ነኝ ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ! አንድም ቀን አላመንሽኝም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፊታቸው ቀረብኩ። የሰጠሽን ሰው ካወቅሽ ተናገሪ፣ መጥቶም ያስረዳ አሉኝ፤ ሳላውቅ መውሰዴ ከተረጋገጠ ቅጣቱ በጣም ሊቀንስ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻም ሊሆን ይችላል። ቢያድግልኝ ተናገሪ ለማለት በጫማው እግሬን ነካ አደረገኝ። እኔ ግን አንቺን እዚያ ወንበር ላይ አሰብኩሽ። ያሳደግሻትን ልጅ ምን አብልተሻት ነው ሲሉሽ። ከዚያ መክሳቴ አሳፍሮኝ ራሴ ከገበያ ገዝቼ ዋጥኩ፣ ሻጩን አላውቀውም አልኳቸው። የዋሸሁት ከረመዳን በፊት ነው፤ ዛሬ ቢሆን ምላሴ እሺ አይለኝም ነበር። ወይ ይለኝ ነበር፣ እንጃ።

ሜዳሊያውን መለስኩ። ሊያስፈርመኝ የነበረው ክለብ ስልኬን አያነሳም። ትምህርቴን አልከለከሉኝም፤ ከቡድኑ ጋር ግን መለማመድ አልችልም። ጠዋት ልጆቹ በመስኮቴ ሥር እየሮጡ ሲያልፉ እግሬ ብርድ ልብስ ውስጥ ይነቃል። ኮሪደር ላይ ዶፒንግ እያሉ የሚጠሩኝ አሉ። እገዳው ሲያበቃ ሃያ ሦስት ዓመት ይሆነኛል፤ ያኔ የሚፈልገኝ ይኑር አይኑር አላውቅም።

በጣም ተናድጃለሁ። አንዳንድ ቀን ደውዬ ልጮህብሽ ስልኬን አነሳለሁ፤ ቁጥርሽን ሳየው ግን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። በማግስቱ ደግሞ፣ አታምኚኝም፣ ያ ሰሊጥ ያምረኛል። እንዲህ ያለ ንዴት አይቼ አላውቅም።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። ከሳሙናው ኋላ ያለውን ለማንም አትሽጪ፤ አንቺም እንዳትቀምሺው። የግቢያችን ክሊኒክ ሐኪም አጥንትም ልብም ይጎዳል ብሏል። ደግሞ ሰው ምን አጥፍታ ነው ካለሽ፣ ራሷ ገዝታ ነው በይ። ቃላችን አንድ ይሁን።

አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ያጎረሰኝ እጅሽ ይባረክ። ይህንን የምለው ከልቤ ነው።

ያሳደግሻት ታናሽ እህትሽ

ጣሳሽን አጥቤ በመኪና ልኬልሻለሁ። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው እያልሽ ስላሳደግሽኝ፣ ባለፈው ሳምንት የተነሳሁትን ፎቶ ከትቼበታለሁ። ሩጫ ካቆምኩ ወዲህ ወፍሬያለሁ። ለእትዬ ረቢዓ አሳዪያት።