የፈለገሽ ሰው ያገኝሻል

ማክሰኞ፣ ከትምህርት ቤት መልስ
ከቁልፍ ሱቁ ጀርባ፣ ከካርቶኖቹ መሃል

ይድረስ ለናፈቅሽኝ እናቴ፣

ወደ ሰላምታው ከመግባቴ በፊት አንድ ኃጢአት አለብኝ፤ በተሰበረ ልብና በታጠበ እጅ እናዘዛለሁ። የአክስቴን ስልክ ከፍቻለሁ። ፓስዎርዱ የተወለደችበት ዓመት ነው። መጀመሪያ እውነተኛውን ጻፍኩ፤ እምቢ አለኝ። ቀጥዬ ለሰው የምትናገረውን፣ ያንን ከወገቡ የተቆረጠውን ዓመት ጻፍኩ፤ ወለል ብሎ ተከፈተ። ምስኪን ስልክ፣ እሱንም ዋሽታዋለች።

ደህና ነሽ ወይ እማዬ? እኔ ደህና ነኝ። ቁመቴ ጨምሯል፤ ምላሴ ግን ከቁመቴ ቀድሟል ትላለች ይህችው አክስቴ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ወንድሟን ላስተዳድር ብላ ከነሻንጣዋ ገብታ፣ እስካሁን ሻንጣዋን እንጂ እጇን አላነሳችም። አባዬ ያው ቁልፍ ይቀርጻል። የሰፈሩን በር ሁሉ ይከፍታል፤ እኛ ቤት ግን ዛሬም ከውስጥ የሚዘጋ በር የለም። የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያ እንኳ ነቅሎታል። "ቤተሰብ ከቤተሰብ ምን ይደብቃል?" ይላል። ስለዚህ ገላዬን ስታጠብ እዘፍናለሁ። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ከብረት መቀርቀሪያ ይበልጣል፣ ማንም አይጠጋም።

አሁን ወደ ነገሬ። የኮምፒውተር አስተማሪያችን የቤት ሥራ ሰጠን። "እንደ ባዳ ሰው ሆናችሁ ራሳችሁን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። የት እንደምትኖሩ፣ የት እንደምትውሉ፣ ከማን ጋር እንደምትሄዱ ምን ያህሉ እንደሚገኝ እዩ" አለን። ቲቸር ስለ ጥንቃቄ ሲያወራ ጣቱን ሽቅብ ይቀስራል። እኛም ታዛዦች ነንና ከራሳችን በፊት እሱን ፈለግነው። አንድ ሠርግ ላይ ሸሚዙን አውልቆ፣ ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ሲጨፍር አገኘነው።

"ቲቸር፣ እኚህ ባዳ ሰው ማን ናቸው?" ብዬ ሳሳየው ያ ጣት ወረደ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አልተነሳም።

ቀጥዬ ራሴን ፈለግኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እኔ በሕይወቴ አንድ ነገር ለጥፌ አላውቅም፤ ግን ከእግሬ እስከ ራሴ እዚያ አለሁ። አክስቴ ለጥፋኛለች። ጥርሴ ወልቆ። ፊቴን ሽፍታ ወርሶት። ሒሳብ ወድቄ፣ ከነውጤቴ፣ "ጸልዩላት" ከሚል ጽሑፍ ጋር። የትምህርት ቤታችን በር፣ የማቋርጠው መንገድ፣ ከሥሩም "ብቻዋን ትሄዳለች፣ አንበሳ ናት" የሚል። ሊሰርቀኝ የፈለገ ሰው መንገድ አይጠፋውም፤ አክስቴ እጁን ይዛ ታደርሰዋለች።

"አክስቴ፣ ይሄን አጥፊልኝ" አልኳት።

"ምን አለበት? የሚያየው ዘመድ ነው።"

"ሁለት ሺህ ዘመድ አለን እንዴ?"

"አንቺ ፌንጣ፣ ዘመድ ይቆጠራል እንዴ? ነውር ነው!" ብላ እየተቆጣሁ ሳለሁ ፎቶ አነሳችኝ። "ስትቆጣ ታምራለች" ብላ ለጠፈችው።

ስቄ ልተወው ነበር፤ ግን ስልኳን ከፍቼ ከፎቶዎቹ መሃል አንቺን መፈለግ ጀመርኩ። የለሽም። ከሁሉም ላይ ቆርጣ አውጥታሻለች። አንዱ ላይ ብቻ እጅሽ ትከሻዬ ላይ ቀርቷል፤ ክንድ የሌለው እጅ፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ያለበት። አባዬ በሩን የዘጋበት ጠባሳ። አክስቴ መቀሷ እዚያ ሲደርስ ለምን እንደቆመ አልጠየቅኳትም። ትከሻዬን ላለመቁረጥ ይሆናል።

ቲቸር ራሳችሁን ፈልጉ ነው ያለው። አንቺም የራሴ ነሽና ፈለግኩሽ።

በስምሽ የለሽም። ጎበዝ። በመልክሽም የለሽም። ግን እማዬ፣ አንቺ ከመርፌ ሌላ መተዳደሪያ አታውቂም። የመጋረጃ አናት ላይ ያቺን እጥፋት፣ ሁለት ጠባብ ከዚያ አንድ ሰፊ፣ ካንቺ በቀር የሚሰፋት ሰው አላየሁም። የመጋረጃ ሱቆችን ፎቶ አንድ በአንድ ስገላብጥ ሰነበትኩና አንዱ ሱቅ ገጽ ላይ እጥፋቷን አገኘኋት። ጨርቁን ዘርግቶ የያዘ እጅ አለ። አውራ ጣቱም አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ መስኮት፣ በመስኮቱ ማዶ የአውቶብስ መናኸሪያ፣ መናኸሪያው ላይ የከተማው ስም በትልልቅ ፊደል። ፊትሽን ደብቀሽ አድራሻሽን መስኮት ላይ ሰቀልሽው እኮ!

ከፎቶው ሥር አንዲት ደንበኛ "እጅሽ ይባረክ፣ ልጆችሽ ታድለው" ብላለች። መልሱ "አሜን፣ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ልጅ ግን የለኝም" ይላል።

ደግ አደረግሽ። መደበቅ እንዲህ ነው! እኔ ራሴ ለጥቂት ጊዜ አምኜሽ ነበር። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ከዚያ በኋላ ገጹን ሳልከፍት የዋልኩበት ቀን የለም። እጅሽን ለማየት ብቻ ነው። አዲስ መጋረጃ በተለጠፈ ቁጥር ጥፍርሽን ቀለም ተቀብተሽ እንደሆነ፣ ከስተሽ እንደሆነ አጣራለሁ። አረንጓዴውን መጋረጃ የያዝሽ ቀን ጣትሽ ላይ ፕላስተር ነበር። መርፌ ነው አይደል? መርፌ ነው ብያለሁ።

እሑድ ምሳ ላይ አባዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና፣ "ይሄ ነገር ሙሽራ መሰልኩት እንዴ? ጠዋት መጋረጃ፣ ማታ መጋረጃ ያስተዋውቀኛል! ለእኔ ለቁልፍ ሠራተኛው መጋረጃ ምን ይፈይድልኛል?" አለ።

አክስቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አፌ ብቻ ነው የሳቀው።

የቤታችንን ስልኮች ሁሉ ያዘጋጃቸው አባዬ መሆኑን ረስቼ ነበር። ሁሉንም በራሱ አካውንት ነው የከፈታቸው። አንድ ዋና ቁልፍ ለሁሉም በር፤ የሙያ ነገር ሆኖበት። እኔ በስልኬ የፈለግኩትን ሁሉ የእሱ ስልክ እሱ እንደፈለገው ይቆጥራል። የአክስቴን ዱካ እየተከተልኩ ስስቅባት፣ የራሴን ዱካ ከእግሩ ሥር እስከ መስኮትሽ አንጥፌለታለሁ።

የፈለግኩትን ሁሉ ከስልኬ ልሰርዝ ሞከርኩ። "ለአካውንቱ ባለቤት ኮድ ልከናል" አለኝ። ኮዱ የት ሄደ? አባዬ ኪስ ውስጥ ጢን አለ። ከድጡ ወደ ማጡ።

"ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?" አለ።

"ማስታወቂያ ነው" አልኩ።

"የምን?"

"የመጋረጃ።" ስንት ቃል ተርፎኝ!

"መጋረጃ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ቁልፉ የጠፋበት በር ፊት ሲቆም እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አይቸኩልም፣ አይመታም፤ ጆሮውን ያስጠጋል። ከትናንት ጀምሮ ስልኩን እንደዚያ ይዞታል።

ለጎረቤቱ ሁሉ "ባገኛት ይቅርታ ልጠይቃት ነው" ይላል። አክስቴም "ምስኪን ወንድሜ" እያለች ታለቅሳለች። የጣትሽም ጊዜ እኮ ይቅርታ ጠይቆሻል፤ በማግስቱ ነው የቤቱን ቁልፍ የወሰደብሽ።

በጓደኛዬ ስልክ ለሱቁ መልእክት ልኬ ነበር። "ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ ለትዕዛዝ በአካል ይምጡ" የሚል መልስ ከች አለ፤ ደግሜ ብልክ ያንኑ ደገመልኝ። ስለዚህ ወደ ወረቀት ዞርኩ። ወረቀት ኮድ አይጠይቅም። ደብዳቤውን ቲቸር ነገ ጠዋት በአውቶብስ ይልክልኛል፤ ያ ጭፈራ ስልኬ ላይ እስካለ ድረስ እምቢ አይለኝም።

እባክሽ እማዬ፣ ይሄን እንዳነበብሽ ከዚያ ሱቅ ውጪ። ፎቶዎቹን ያጥፏቸው። ሌላ ከተማ ሂጂ፤ የት እንደሆነ ለእኔ እንዳትነግሪኝ፣ የማላውቀውን አያስለፈልፉኝም። ያቺን እጥፋት ተያት፤ እንደማንኛውም ሰው ሰፊ። እጅሽንም ለካሜራ አትስጪ። እኔም ቃሌ ነው፣ ከእንግዲህ አልፈልግሽም።

ክርሽ አይበጠስ። ክፉ እግር ደጅሽን አይርገጥ። ከውስጥ የሚዘጋ በርና በሰላም የሚያሳድር እንቅልፍ ይስጥሽ። አሜን በይ።

የሌለችሽ ልጅ፣
ፌንጣ

ቆይ፣ አክስቴ መጣች። በሩ ላይ ቆማለች። እንዳላየኋት መስዬ እየጻፍኩ ነው።

"ፌንጣ! አንቺን እኮ ነው! ምንድን ነው የምትሞነጫጭሪው?"

የቤት ሥራ አልኳት።

"ተይውና ጫማሽን አድርጊ። አባትሽ ሱቁን ዘግቶ መኪና ላይ ሆኖ እየጠበቀን ነው። ወፍራም ልብስ ያዢ፣ ሩቅ ነው ብሏል። መጋረጃ ልንገዛ ነው።"