ግማሽ እርምጃ ከፍ ያለው ዜማ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ያ ሳልስ ለቀቀህ? እትዬና ልጆቹስ እንዴት ሰነበቱ? የእማዬን ጤና ለብቻው ነው የምጠይቅህ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ እሷ ነው። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

መልእክትህ ደርሶኛል። የክር መሸጫ ሱቁን ቁልፍ ከእማዬ መቀበልህን፣ በወሩ መጨረሻም ሱቁን ልትዘጋው ማሰብህን ነግረኸኛል። አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን የአባዬን ዜማ የረሳች ሴት ነገ ምድጃውን ሳታጠፋ ትወጣለች ብለሃል። ወንድም ጋሼ፣ አትቸኩል። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካችን የሠራተኞች የዘፈን ቡድን አለው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በምግብ አዳራሹ እንለማመዳለን። የሚያስተምረን ጡረታ የወጣ የሙዚቃ መምህር ነው። ምቱን በልብስ ሰፊ ማስመሪያ ስለሚመታ "ሜትሮ" እንለዋለን። ከአራት ወር በፊት የየቤታችንን ዜማ እንድናመጣ ሲጠይቀን፣ ነፍሱን ይማርና አባዬ እንጨት ሲልግ ያንጎራጉረው የነበረውን ያን ቃል የሌለውን ዜማ አሰማሁት። ወደደው። ፒያኖው ላይ ፈልጎ አገኘውና፣ "አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ሦስተኛውና አምስተኛው ዝቅ ስለሚሉ አንገቱን ደፍቷል። እኛ የምንዘፍነው ለፋብሪካው በዓል ነው፤ ትንሽ ቀና እናድርገው" አለ።

ሁለቱን ድምፆች ግማሽ ግማሽ እርምጃ ከፍ አደረጋቸው። ፒያኖው ላይ ከጥቁሩ ወደ ጎረቤቱ ነጭ መሄድ ማለት ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ቀጥሎ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ድምፅ ለሦስት ቡድን አከፋፍሎ በአንድ ጊዜ አስያዘን፤ ወንዶቹ ከታች፣ እኛ ከላይ። ሲስማማ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። አጠገቤ የምትቆመው፣ ፋብሪካው ውስጥ ኪስ የምትሰፋው ጓደኛዬ፣ "አባትሽ ይህን ሁሉ ሰው ጉሮሮው ውስጥ ይዞ ነበር እንዴ የሚልገው?" ብላ አሳቀችኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት እሁድ ዕለት በስልክ ለእማዬ ያንጎራጎርኩላት ይህንኑ ነው። "ደስ ይላል ልጄ፣ የማን ዜማ ነው?" አለች። አንተም ስልኩን ተቀብለህ "ሰማሻት?" አልከኝ። "ሰማሁ" አልኩህ። እኔም እንዳንተ ረሳች ብዬ ሳለቅስ ዋልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሜትሮ ለአዲስ ገቢዎች ልዩነቱን ሊያሳይ የድሮ ደብተሩን ገልጦ፣ ዜማውን መጀመሪያ እንዳመጣሁለት አድርጎ ተጫወተው። የአባዬ ዜማ ያ ነው። ለእማዬ ያሰማኋት ሌላ ነበር፤ አራት ወር ስደጋግመው ጆሮዬ ለመደውና ልዩነቱ ጠፋኝ። ከዚያ ወዲህ ሸሚዝ እየተኮስኩ ልመልሰው እሞክራለሁ። ሦስተኛው ድምፅ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል። የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ወንድም ጋሼ።

የክር ቀለም አሳስታ ሸጠች ያልከውን አልክድም። እኔም እፈራለሁ፤ ከዚያ በላይ ያየኸው ነገር ካለም አትደብቀኝ። በእኔ ስህተት ግን አትፍረድባት። ሥራ ይዛ ሳለች አጠገቧ ተቀመጥና አባዬ ሲልግ ምን ነበር የሚያንጎራጉረው ብለህ ጠይቃት። አንተ እንዳትጀምርላት፤ አባዬ ድምፅህን "የበር ማጠፊያ" ይለው እንደነበር አትርሳ። ዜማው ከመጣላት ቁልፉን ዕለቱን መልስላት። ካልመጣላት ደውልልኝ። የአሥር ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ መጥቼ እሷም ባለችበት እንመክራለን።

በስልክ ብነግርህ ኖሮ ቱግ ብለህ ትዘጋብኝ ነበር፤ ደብዳቤ አይዘጋም። ጎረቤቴ የአውቶቡስ ሾፌሩ ነገ ያደርስልሃል።

እትዬን በጣም ናፍቃሻለች በልልኝ። ትልቋን ለፈተናዋ አይዞሽ በልልኝ፤ ትንሿን ጥርሷ በወለቀበት በኩል ሳምልኝ። ለእማዬ ግን ሰላምታዬን ከማድረስህ በፊት የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን ንገራት። የዚያን እሁድ ስልኩ ሳይዘጋ "ማወቅ ነበረብኝ እንዴ?" ብላ ስትጠይቅህ ሰምቻታለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሷን ስትጠራጠር ከርማለች፤ አንድ ቀን አትጨምርባት።

ታናሽ እህትህ

ከልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን