ከባርካ የተመለሰችው የባትሪ ማኪና

አስመራ፣ ሰኔ ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ መንግስትኣብ፤ አዲስ አበባ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በትግርኛ ያልጻፍኩልህ፣ ደብዳቤውን መንገድ ላይ የሚያነበው ሰው እንዳይቸገር ብዬ ነው።

ባለቤቴ ወልደኣብ የሚሸጣት የባትሪ ማኪና እዚህ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ብዙ ፈላጊ አላት። ምጽዋ ግን «ዳገት አትወጣም» አሏት። ወደ ባርካ ቆላ በካሚዮን ጭኖ ሲወስዳት ደግሞ «መብራት በሌለበት በምን እንሞላታለን?» ብለው እንደሳቁ ሾፌሩ ነገረኝ። ማኪናዋን ብቻዋን መልሶ ያመጣት እሱ ነው። «ወልደኣብስ?» ስለው፣ «ይመጣል፣ አይዞሽ» ብሎ ሻሂውን ሳይጨርስ ሄደ። እሱ እስካሁን አልመጣም፤ ማኪናዋ ደጃችን ቆማለች፤ ጠዋት ጠዋት አቧራዋን እጠርጋለሁ።

ያ የፖሊስ መኮንን ጓደኛህ ደህና ነው? ሰላም በልልኝ። የወልደኣብን የአባት ስም ረስቶት እንደሆነ፣ ገብረእግዚኣብሄር ነው በለው።

ጤናህን አምላክ ይጠብቅልኝ።

እህትህ ለተገብርኤል