የእማማ ወለተ ማርያም ጆሮ

ወንድሜ ሰብሐት፣

ይህን በስልኬ የምጽፍልህ ዱባይ ተራ ገበያ ውስጥ፣ ሴንሰርና ሽቦ ከሚሸጡት ከጋሽ ነስሩ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነው። እናትህ እማማ ወለተ ማርያም የሠራንላቸውን በትር የተዉት፣ እንቅፋት ሲያገኝ የሚጮኸው ደወል፣ በዘሩ፣ ድምፁ አንሶ ነው ብለን አልነበር? ጮክ ያለ በዘር ጋሽ ነስሩን ስጠይቃቸው «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለጓደኛዬ እናት፤ ዓይናቸው አያይም። የሚጮኽ በትር ሠርተን ብንሰጣቸው በር ጥግ አስደግፈው ተዉት» አልኳቸው።

እንቅፋት የሚለየውን ሴንሰር ከጮክ ያለ በዘር ጋር አገናኝተው እጄ ላይ አኖሩልኝና «ዓይንሽን ጨፍነሽ እስከ ደረጃው ሂጂ» አሉኝ። አምስት እርምጃ ሳልሄድ አንድ ተሸካሚ ከነጆንያው ገፍቶኝ አለፈ። ሦስት ጊዜ «ዞር በይ» ብሎኝ ነበር አሉ። እኔ የሰማሁት በዘሩን ብቻ ነው።

«የቀራቸው ዓይን ጆሯቸው ነው» አሉኝ ጋሽ ነስሩ፣ ሳይቆጡ። «እሱን ነው የደፈናችሁባቸው።»

ከተበላሸ ሞባይል የወጣች ሚጢጢ ሞተር ሰጡኝ። እንቅፋት ሲኖር መዳፍ ላይ ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትጮህም።

እዚያ ደብረ ብርሃን፣ እማማ በራችሁን ሳልነካው «ግቢ ሰብለ» የሚሉኝ በኮቴዬ አውቀውኝ ነው። እኔ ግን በትሩን ቢተዉት «እርጅና ግትር አደረጋቸው» አልኩ።

የስልኬ ካርድ ሊያልቅብኝ ነው። በዘሩን ዛሬውኑ ንቀለው። ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ይቅርታዬን ግን አንተ እንዳትነግርልኝ። ቅዳሜ ሞተሯን ይዤ ስመጣ፣ ኮቴዬን ሰምተው ሲከፍቱልኝ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

ሰብለ ወንጌል